ሰባቱ የ210 ፓውንድ ደረሰኞች

«አልፈርምም» አሉኝ ጋሼ፣ እስክሪብቶውን መልሰው ወደ እኔ እየገፉ።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፣ ለንደን ውስጥ ስለ ዕዳና ስለ ድጎማ ምክር በምንሰጥበት ትንሽ ቢሮ። ባንኮቹ ያላግባብ በሸጡት ኢንሹራንስ ቅሬታ ላይ ተከራክረው በ2011 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ተረትተው ይግባኙን ከተዉ ወዲህ በየቀኑ የሚመጣልን ጉዳይ ፒፒአይ ነበር፤ ማለትም ከብድር ጋር ለጥፈው የሸጡት የክፍያ ዋስትና ኢንሹራንስ። እኛ በነፃ የምንሠራውን የሚሠሩ ደላላ ድርጅቶች ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስልክ እየደወሉ ከካሳው ሩቡንና ከዚያም በላይ ይወስዱ ነበር። እነሱ ዘንድ ደርሶ የሚመጣ ሰው ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ጋሼ ሚኒካብ፣ ማለትም በጥሪ የሚሠራ ታክሲ፣ ነጂ ናቸው። በ2006 ከባንክ 10,000 ፓውንድ ለ5 ዓመት ተበደሩ። ያስተናገደቻቸው ልጅ «ቢታመሙ ኢንሹራንሱ ይከፍልልዎታል» ብላ 2,400 ፓውንድ አረቦን እዚያው ብድሩ ላይ ደመረችው። አረቦኑንም እንደ ብድር ወለድ እየተቆጠረበት ይከፍሉታል ማለት ነው። (ይህ ዓይነቱ ሽያጭ የቆመው በ2009 ነው፤ ለእሳቸው አልደረሰም።) ወገባቸውን እንደሚያማቸው ያን ዕለት ነግረዋታል። በ2008 መጨረሻ ወገባቸው ይዟቸው አልጋ ላይ ሲውሉ ኢንሹራንሱ «ሕመሙ ከውሉ በፊት የነበረ ነው፣ አይሸፈንም» አላቸው።

ቅሬታውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሕጉ ለባንኩ የሚሰጠው 8 ሳምንት ሳይሞላ መልስ መጣ፤ ባንኩ ጥፋቱን አምኗል። አረቦኑ ከነወለዱ ይመለሳል፣ በዚያ ላይ በዓመት 8 በመቶ ወለድ ይታሰባል ይላል ደብዳቤው። ገንዘቡ ግን እጃቸው አይገባም፣ ላለባቸው ውዝፍና ቅጣት ይያዛል። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ውጭ ሌላ ሰው እየጠበቀኝ ስለነበር «ጋሼ፣ አሸንፈናል፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ውዝፉን ማን አመጣው?» አሉኝ።

ምን እንደምመልስ አላወቅሁም። እሳቸው ከእግራቸው ሥር ሰማያዊ ፌስታል አነሱና ሰባት የባንክ ደረሰኞች ጠረጴዛው ላይ በተርታ ደረደሩ። ጠርዛቸው የተጣጠፈ፣ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ሁሉም 210 ፓውንድ። ከሥራ በቀሩባቸው ሰባት ወራት ከዕቁብ ወስደው የከፈሉት ነው። ቀጥለው የ2006ቱን የብድር ወረቀት አወጡ። ሁለት ቁጥር በሁለት ረድፍ ተጽፎበታል፤ ከኢንሹራንስ ጋር በወር 257.41፣ ያለ ኢንሹራንስ 207.58።

«ኢንሹራንሱ አንሸፍንህም ሲለኝ፣ እኔም የእሱን ድርሻ ለምን እከፍላለሁ? የብድሩን ግን አንድ ወር አላጎደልኩም። እንዲያውም ሁለት ፓውንድ ከምናምን ጨምሬያለሁ።»

ባንኩ በየወሩ 47 ፓውንድ ጎድሏል ብሎ መዝግቧል። ላዩ ላይ በየወሩ 25 ፓውንድ ቅጣት ጨምሮ፣ ጋሼ ወደ ሥራ ሊመለሱ ሲሉ ውሉን አፍርሶ ዲፎልት፣ ማለትም ብድሩን አልከፈለም የሚል ምልክት፣ የክሬዲት መዝገባቸው ላይ መታባቸው። ክሬዲታቸው ተበላሸ፤ ከዚያ በኋላ ለዕዳ ሰብሳቢው ክፍል በወር 40 ፓውንድ ሲከፍሉ ነው የኖሩት። ይህ ሁሉ ወረቀት ለወራት እዚያ ፌስታል ውስጥ ነበር፤ እኔ አንድ ቀን እንኳ «ሲጎድልብዎ ስንት ነበር የከፈሉት?» ብዬ አልጠየቅኳቸውም። የቅሬታ ቅጹ ላይ ያለው ጥያቄ ኢንሹራንሱ እንዴት እንደተሸጠ ነው፤ እኔም ከቅጹ አልወጣሁም። አፈርኩ።

እዚያው ሆኜ ባንኩ ጋ ደወልኩ። ያነሳው ልጅ ትሁት ነው፤ ውዝፉ ሌላ፣ ኢንሹራንሱ ሌላ ጉዳይ መሆኑን ቀስ ብሎ አስረዳኝ።

«207 የሚፈለግበት ሰው 210 ከከፈለ፣ ያልከፈለው ምኑን ነው?» አልኩት።

ዝም አለ። የኪቦርዱ ድምፅ ይሰማኛል። ብዙ ቆይቶ «ሲስተሙ ውዝፍ ነው የሚያሳየኝ» አለኝ። ደግሜ ጠየቅሁት፣ ያንኑ ደገመልኝ። ልጁ ክፉ አልነበረም። ግን በሰው ፊት ተደርድሮ የሚታይ ደረሰኝ እያለ ማሽኑ የሚለው ነው የሚታመነው፤ ያ መልስ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ጉዳዩን ወደ ፋይናንሻል ኦምቡድስማን፣ በባንክና በደንበኛ መካከል ወደሚዳኘው ተቋም፣ ወሰድነው። ከባንኩ የመጨረሻ መልስ በኋላ 6 ወር ጊዜ አለ፣ ክፍያም የለውም። በዚህ ጊዜ ደብዳቤውን የጀመርኩት በሰባቱ ደረሰኞች ነው፤ ኢንሹራንሱ ባይሸጥ ኖሮ በየትኛው ወር ስንት ይፈለግባቸው እንደነበረ፣ ስንት እንደከፈሉ፣ ጎን ለጎን ጻፍኩት። የጠየቅነው አረቦን ብቻ አልነበረም፤ የብድሩ ሒሳብ ኢንሹራንሱ ጭራሽ እንዳልነበረ ተደርጎ ከመጀመሪያው እንዲሠራ ነው።

ከዓመት በላይ ጠበቅን። በ2014 መጨረሻ ውሳኔው መጣ፤ ውዝፍ አልነበረም፣ ቅጣቱ ይነሳ፣ ዲፎልቱ ከመዝገብ ይሰረዝ ይላል። ዕዳው ተዘግቶ ከ8 በመቶው ላይ ግብር ከተቆረጠ በኋላ ጥቂት መቶ ፓውንድ በቼክ ደረሳቸው። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ፤ በሁለተኛው «ውዝፍ አልነበረም» የሚለው ጋ ስደርስ «እሱን ድገሚልኝ» አሉኝ።

ዲፎልት ለ6 ዓመት ነው የሚቆየው። የሳቸው ሲሰረዝ በራሱ ጊዜ ሊወርድ የቀረው ጥቂት ወር ነበር። በመሀሉ በ2010 የሚሠሩባትን መኪና የወሰዱት በተበላሸ ክሬዲት፣ እጅግ በከፋ ወለድ ነው። እሱም እንዲካስ ጠይቄ ነበር፤ ጋሼ ቤት ሲቀይሩ የውሉ ወረቀት ጠፍቶባቸው ማስረጃ አላቀረብንም፣ ተቀባይነት አላገኘም። አሁንም በዓል ሲሆን ይደውሉልኛል። የመኪናዋን ነገር አንስተው «እሱስ ቀረ?» ሲሉኝ መልስ የለኝም።