በጉምና በጠራ ሰማይ፦ ራዳርና ፖድን ያነፃፀርኩባቸው 14 ቀናት

ሰላም ጓደኞች። ባለፈው ከሱ-25ቲ ጋር ስታገል እንደከረምኩ ነግሬያችሁ ነበር። ዲሲኤስን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን የውጊያ አውሮፕላን ማብረሪያ ጨዋታ፣ ስታወርዱ አብረው በነፃ ከሚመጡት አውሮፕላኖች አንዷ እሷ ናት። አሁን ደግሞ በዚያው ጨዋታ የሚሸጠውን የኤፍ-18 ተዋጊ ጄት የ14 ቀን ነፃ ሙከራ ከፈትኩ። ደብረ ብርሃን ቁጭ ብሎ በዶላር መግዛት ቀላል ስላልሆነ ቀኖቹን እየቆጠርኩ ነው የተጠቀምኩባቸው። ሦስቱን መብራት በላብኝ። የቀሩትን ግን ማታ ማታ ጋቢዬን ደርቤ በደንብ ሠራሁባቸው።

የያዝኩት ጥያቄ አንድ ነው። መሬት ላይ ያለን ኢላማ ለመፈለግና ለመምታት የቱ ይሻላል? አፍንጫው ውስጥ ያለው ራዳር ወይስ ከአውሮፕላኑ ሥር የሚታሰረው ካሜራ፣ ማለትም ታርጌቲንግ ፖድ?

የመጀመሪያዎቹን 4 ቀናት በፖድ ብቻ በረርኩ። ፖድ ቶሎ ይለመዳል፤ የምታዩት ሥዕል ዓይናችሁ የሚያውቀው ዓይነት ነው። የኢንፍራሬድ ካሜራው ሙቀትን ስለሚያይ ሞተሩ የሚሠራ መኪና ከሜዳው ተለይቶ ያበራል። ከፖዱ ሌዘሩን ስትተኩሱ በሌዘር የሚመራው ጂቢዩ-12 ቦምብ ነጥቡን ተከትሎ ይወርዳል። ችግሩ እይታው ጠባብ ነው። በበር ቀዳዳ አጮልቆ ግቢ ሙሉ ሰው እንደመፈለግ ነው። የት እንደምታዩ ቀድማችሁ ካላወቃችሁ ነዳጃችሁ ያልቃል።

በአምስተኛው ቀን ሰማዩን ደመና በደመና አደረግኩት። የፖዱ ስክሪን ግራጫ ሆነ፣ አለቀ። ከዚህ ወደ ደብረ ሲና የወረደ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ሾፌሩ ረጅም መብራት ካበራ ይብስበታል። ብርሃኑ ጉሙ ላይ ተበትኖ መልሶ የሾፌሩን ዓይን ይወጋል። ሌዘሩም እንደዚያው ነው። የሞገዱ ርዝመት 1 ማይክሮሜትር ገደማ ስለሆነ ከደመናዋ ጠብታ ያንሳል፤ ይበተናል። የራዳሩ ሞገድ ግን 3 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ጠብታዋን ከቁብ ሳይቆጥር ያልፋል። በእውነተኛው ዓለምም እ.ኤ.አ. በ1999 በኮሶቮ ጦርነት ደመናው በሌዘር የሚመሩ ቦምቦችን ክፉኛ አስቸግሮ ነበር። በጂፒኤስ የሚመራው ጄዳም ቦምብ መጀመሪያ ለውጊያ የዋለውም በዚያው ዘመቻ ነው፤ ከቢ-2 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ተጥሎ።

ስለዚህ ወደ ራዳሩ ዞርኩ። መጀመሪያ ምንም አልገባኝም። በጆርጂያ ካርታ ላይ ያለውን የሴናኪ አውሮፕላን ማረፊያ እያየሁ ማኮብኮቢያውን ማግኘት አቃተኝ። ነጭ መስመር ነበር የምፈልገው። ለካ ማኮብኮቢያው ጥቁር ነው! ለስላሳ አስፋልት ሞገዱን ወደ ፊት ያንሸራትተዋል፤ ወደ እናንተ አይመልሰውም። የረጋ ውኃም እንዲሁ ይጠቁራል። የሚያበራው ብረት፣ ግድግዳ፣ ማዕዘን ያለው ነገር ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ ስክሪኑ መነበብ ጀመረ።

ትልቁ ስህተቴ ግን ሌላ ነበር። ምስሉን ለማጉላት ኤክስፓንድ ወደሚባለው የራዳሩ ስልት ስገባ ሁሌም አፍንጫዬን ኢላማው ላይ ቀስሬ ነበር። ኢላማው ደግሞ ልክ እዚያ ቦታ ላይ ይጠፋል። ሁለት ማታ ሙሉ የአዝራር ስህተት መስሎኝ ማስተካከያውን ስነካካ አመሸሁ።

ነገሩ የፊዚክስ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ጋቢና ተቀምጣችሁ አስቡት። መንገዱ ጫፍ ላይ ያለው ዛፍ ባለበት የቆመ ይመስላል። በጎን ያሉት የመብራት ምሰሶዎች ግን እየሮጡ ያልፏችኋል። ራዳሩ ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ነገሮችን የሚለየው በዚህ የፍጥነት ልዩነት ነው። ልክ ከፊታችሁ ያሉት ሁሉ እኩል ፍጥነት ስለሚቀርቧችሁ ግራውን ከቀኙ መለየት ያቅተዋል። አውሮፕላኑን ወደ ጎን 30 ዲግሪ ያህል ሳዞረው ኢላማዬ የነበሩት የነዳጅ ጋኖች አንድ በአንድ ወጡ። ከወንበሬ ተነሳሁ።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ከሩቅ፣ በጎን እየበረርኩ በራዳር አካባቢውን አያለሁ። የሚያጠራጥረኝ ነጥብ ላይ ስቆልፍ ፖዱ ራሱ ዞሮ እዚያው ያያል። ከዚያ ምን እንደሆነ በዓይኔ አረጋግጣለሁ። በራዳር ላይ አውቶቡስም ታንክም ነጥብ ነው። ጨዋታም ቢሆን ምን እንደሆነ ያላየሁትን መኪና አልመታም፤ ይህን ሕግ ማንም እንዲያስጥለኝ አልፈልግም። ደመና ሲኖር ደግሞ ራዳሩን የምጠቀመው ለማይንቀሳቀስ፣ ቦታው አስቀድሞ ለሚታወቅ ነገር ብቻ ነው። ድልድይ፣ መጋዘን፣ ማኮብኮቢያ። በመጨረሻው ማታ በድፍን ደመና ውስጥ 6 ጊዜ በጂቢዩ-38፣ በአንዱ የጄዳም ዓይነት፣ ሞክሬ 4ቱ ገቡልኝ። ሁለቱ የሳቱት ከሩቅ ቸኩዬ ስለቆለፍኩ ነው። ቀረብ ብዬ እንደገና ባጎላው ኖሮ ቦታው ይጠራልኝ ነበር።

የሚንቀሳቀሱ መኪናዎችን የሚያሳየውን የራዳሩን ሌላ ስልት፣ ጂኤምቲን፣ ለመሞከር ቀን አልበቃኝም። የሠራበት ካለ በየትኛው ከፍታና ፍጥነት እንደተሳካለት ይጻፍልኝ፤ ደብተሬ ላይ አንድ ገጽ ትቼለታለሁ።