ስራ ላይ ነኝ

ድብር ብሎኝ ነው የዋልኩት። ዝናቡ ይሁን፣ መብራቱ ይሁን፣ እንዲሁ ክረምት ሲገባ የሚመጣብኝ ነገር ይሁን እንጃ። እማ ደውላ «ምነው ድምፅህ?» ስትለኝ «ምንም፣ ስራ ላይ ነኝ» አልኳት። «አንተ ደግሞ መቼ ነው ስራ ላይ የማትሆነው?» ብላ ስለ ሰርጉ ማውራቷን ቀጠለች። እኔ በአንድ ጆሮዬ እየሰማሁ ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነው።

እውነቱን ለመናገር ስራ ላይ የነበረው ፕሮግራሙ ነው። ያቺ ከእኔ በፊት ከነበረው ልጅ የወረስኳት፣ ትልቁን ሠንጠረዥ የምትደምረዋ። ቶፕን (ማሽኑ ላይ የትኛው ፕሮግራም ምን ያህል እየሰራ እንደሆነ የሚያሳየውን) ስከፍተው ከፕሮሰሰሩ አንዱ ኮር፣ ማለት አንዱ ሠራተኛ ክፍሉ፣ መቶ በመቶ ተይዟል ይላል። ያየ ሰው ሁሉ «እንዴት ያለ ታታሪ!» የሚያሰኝ ነው። ከድብርቱ ለመሸሽ ያህል ፕሮግራሙን ከማስነሳበት ትዕዛዝ ፊት «ፐርፍ ስታት» ብዬ ጨምሬ እንደገና አስነሳሁት።

ፐርፍ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከሊኑክስ ከርነል (ከስርዓቱ እምብርት) ጋር ያለ መለኪያ መሣሪያ ነው። የምወድለት ኮዱን ሳይነካ መለካቱን ነው። ፕሮሰሰሩ ውስጥ አብረው የተሠሩ ቆጣሪዎች አሉ፤ እነሱን ያስነሳና ፕሮግራሙ ሲያልቅ ያነባቸዋል። ስንት ሳይክል (የፕሮሰሰሩ የሰዓት ምት) ሄደ፣ ስንት ኢንስትራክሽን (ለፕሮሰሰሩ የሚሰጥ ጥቃቅን ትዕዛዝ) ተፈጸመ፣ ካሽ ውስጥ፣ ፕሮሰሰሩ ጋ ባለችው ትንሽ ፈጣን ማከማቻ፣ ተፈልጎ የታጣው ስንት ነው። ከኢንስትራክሽኑ ጎን አንዲት ትንሽ ቁጥር አለች፤ በአንድ ሳይክል ስንት ኢንስትራክሽን እንዳለቀ የምትናገር። መጀመሪያ የማያት እሷን ነው። የዛሬ ፕሮሰሰር በአንድ ሳይክል አራትም ከዚያም በላይ መጨረስ ይችላል። የኔው 0.3 እንኳ አልሞላም።

መቶ በመቶ ስራ ላይ ነኝ ያለው ኮር፣ ለካ አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ራም (ዋናው ሚሞሪ) እስኪመልስለት እየጠበቀ ነው። ለቶፕ መጠበቅም ስራ ነው፤ ፕሮግራሙ ኮሩን እስካልለቀቀ ድረስ እንደተያዘ ይቆጠራል። ወረፋ ላይ ቆሞ ውሎ ማታ «ዛሬ ስራ ገደለኝ» እንደሚል ሰው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሠንጠረዡ ሚሞሪ ውስጥ የተደረደረው ረድፍ በረድፍ ነው፤ ፕሮግራሙ ግን ከላይ ወደ ታች፣ ዓምድ በዓምድ ይደምራል። ፕሮሰሰሩ ከራም አንዲት ቁጥር ብቻ ቆንጥሮ አያመጣም፤ 64 ባይት አንድ ላይ ነው የሚያመጣው። ባለ 4 ባይት ቁጥር ከሆነ 16 ቁጥር በአንዴ መጣ ማለት ነው። ከ16ቱ አንዱን ወስዶ ወደሚቀጥለው ረድፍ ይዘላል። ለቀሩት ተመልሶ ሲመጣ ቦታቸውን ሌላ ይዞት እነሱ ከካሹ ወጥተዋል። ራም ድረስ ደርሶ መመለስ ወደ 100 ናኖሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ በ3 ጊጋኸርዝ ሲታሰብ 300 ሳይክል መሆኑ ነው። ረድፉንና ዓምዱን የሚዞሩትን ሁለት ሉፖች (ድግግሞሾች) አቀያየርኳቸው፣ የውጪውን ወደ ውስጥ፣ የውስጡን ወደ ውጪ። የኢንስትራክሽኑ ብዛት ያው ነው ማለት ይቻላል፤ ካሽ ሚሱ (ካሽ ውስጥ ተፈልጎ የሚታጣው) ግን ወረደ፣ ሰዓቱም አብሮት። መሃል ላይ መብራት ሄዶ ላፕቶፑ በባትሪ ሲቀር ፍጥነቱን ቀንሶ ሰዓቱ እንደገና ረዘመ። ኢንስትራክሽኑ ንቅንቅ አላለም።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ሌላ ነገር መጣብኝ። እኔስ? ከውጪ ለሚያየኝ መቶ በመቶ ነኝ። ቢልዱ (ኮዱ ወደ ፕሮግራም የሚቀየርበት) እስኪያልቅ፣ ኔትወርኩ እስኪመለስ፣ ኮዴን የሚገመግመው እ. አይቶ «እሺ» እስኪል የተጎለትኩት ቢቀነስ በሳይክል ስንት ልወጣ ነው?

መቆጠር ደግሞ ማን ይወዳል። አያቴ ከብቶቿን አትቆጥርም ነበር። ስንት ናቸው ሲሏት «እግዜር ይባርካቸው» ብላ ወሬ ትቀይራለች፤ የጎደለ ካለ ግን ዓይኗ ጣል ሲል ታውቀዋለች። ኢንቴልም እ.ኤ.አ. በ1993 ፔንቲየምን ሲያወጣ የቆጣሪዎቹን ዝርዝር ሚስጥር እንጠብቃለን ብለው ለፈረሙ ብቻ ነበር የሚሰጠው። ተርዬ ማቲሰን የሚባል ኖርዌያዊ ፕሮግራመር በራሱ መንገድ ደርሶበት በ1994 «ባይት» በተባለው መጽሔት ላይ አወጣው። ሊኑክስም ማን ይቁጠር ማን አይቁጠር የሚለውን የሚወስን ፋይል አለው፤ ስሙ ውስጥ «ፓራኖይድ» (ከልክ በላይ ተጠራጣሪ) የሚል ቃል ተሰንቅሮበታል፣ ውስጡ ያለው ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ክልከላው ይጠብቃል። (ስም አወጣጡ አስቆኝ ነበር፤ ግን ከካሽ የጊዜ ልዩነት ብቻ የሌላ ሰው ሚስጥር ማውጣት እንደሚቻል ለሚያውቅ አያስቅም።) የቢሮው ሰርቨር ላይማ ጭራሽ «አይደገፍም» ነው መልሱ። ቨርችዋል ማሽን (በሌላ ማሽን ውስጥ በሶፍትዌር የተሠራ) ነው፣ ቆጣሪዎቹን አላሳለፉልንም።

ቢፈቀድስ፣ ቆጣሪው ጥቂት ነው። ብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ ለአንድ ትሬድ (ኮሩ ከሚያስኬዳቸው የስራ መስመሮች ለአንዱ) እንደፈለጉ የሚመደቡት አራት ናቸው። ከዚያ በላይ የጠየቃቸው እንደሆነ ከርነሉ በተራ በተራ ያስገባቸዋል፤ በተራቸው ያገኙትን አባዝቶ ግምት ይሰጥና ስንት በመቶውን ጊዜ በትክክል እንደቆጠሩ በቅንፍ ይጽፋል። ቢያንስ መገመቱን ይናገራል።

አራት ቢገጠምብኝ ምን ምን ላስቆጥር? የጻፍኩት መስመር? ዛሬ የሰራሁት መስመር ማቀያየር ነው። ከሐሳብ ወደ ሐሳብ የዘለልኩት? ይሄ ያዋጣል፤ ኮሩ ከአንዱ ስራ ወደ ሌላው ሲዘል ፐርፍም «ኮንቴክስት ስዊች» ብሎ ያወጣዋል። ግን እሱን የሚቆጥረው ከርነሉ እንጂ ሃርድዌሩ ስላልሆነ ከአራቱ አንዱንም አይወስድም። አራቱ አሁንም ባዶ ናቸው።

የሚሆነኝ ካለ ብዬ ሊቆጠር የሚችለውን የሚዘረዝረውን «ፐርፍ ሊስት» አስነስቼ ዝርዝሩን ማንበብ ያዝኩ። የቆመ ሳይክል ሁለት ዓይነት ነው፤ በፊት በኩል የሚቆምና በኋላ በኩል የሚቆም። የፊቱ፣ ምን እንደሚሰራ የሚነግረው ኢንስትራክሽን አልደርስ ሲል፤ የኋላው፣ የሚሰራው ታውቆ የሚያስፈልገው ሲጠፋ። የኔው በየትኛው በኩል ነው?