ነጭ ወይንን ከነልጣጩ ጠምቄ ግማሹን ኮምጣጤ አደረግኩት

ነገሩ የጀመረው እዚህ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ፣ ጓደኛዬ ልደቱ ላይ ግራቭነር የሚባል ጣሊያን ያለ ጠማቂ የሠራው ወይን ጠርሙስ ሲከፍት ነው። ነጭ ወይን ነው ብሎ ቀዳልኝ፣ ቀለሙ ግን ቁርጥ ጠጅ፣ ስቀምሰው ደግሞ ጣፋጭነት የሚባል ነገር የለውም፣ እንደጠቆረ ሻይ ድድ ላይ ይይዛል። ሁለተኛ ብርጭቆ ላይ ተሸነፍኩ።

ከዛ ስለሰውየው ማንበብ ጀመርኩና መተው አቃተኝ። ዮሽኮ ግራቭነር ጣሊያን ውስጥ ስሎቬኒያ ድንበር ላይ ያለች ኦስላቪያ የምትባል መንደር ነው ያለው፣ ድሮ እሱም እንደሌላው በብረት ታንከርና በአዲስ የእንጨት በርሜል ነበር የሚሠራው። በ1987 በፈረንጆቹ ካሊፎርኒያ መጥቶ የኛን ወይን ሲቀምስ ሰንብቶ ተስፋ ቆርጦ ነው የተመለሰው (እዚሁ ቁጭ ብሎ ሲያነቡት ትንሽ ያማል)። በ1996 በረዶ ሰብሉን ሲያወድምበት በተረፈችው ሪቦላ በምትባል ነጭ ወይን ከነልጣጩ መጥመቅ ሞከረ፣ በ2000 ጆርጂያ ሄዶ ቅቬቭሪ የሚሉትን መሬት ውስጥ የሚቀበር የሸክላ ጋን አየ፣ ከ2001 ጀምሮ በቃ እዛ ውስጥ መጥመቅ ሆነ ሥራው። ጋኑ ውስጡን በንብ ሰም ነው የሚቀባው። ለእማዬ ደውዬ ስነግራት «እና ፈረንጅ ጋን መቅበር ጀመረ ነው የምትለኝ?» ብላ ሳቀች።

ለማያውቅ፣ ነጭ ወይን ሲሠራ ጭማቂው ብቻ ይቀርና ልጣጩ ወዲያው ይጣላል፣ ቀይ ግን ከነልጣጩ ይፈላል። ይሄኛው ነጩን እንደቀይ መጥመቅ ነው፣ ቀለሙም ድድ የሚይዘው ታኒንም ከልጣጩና ከዘሩ ነው የሚመጣው። እኛ ድፍድፍ ለምናውቅ ሰዎች አዲስ ነገር አይደለም።

መስከረም ላይ እዚሁ ካሊፎርኒያ ሎዳይ የምትባል ከተማ ሄጄ ከአንድ ትንሽ እርሻ ካላቸው ሽማግሌ 50 ኪሎ ሙስካት የሚባል ነጭ ወይን ገዛሁ። «እንዳታጥበው» አሉኝ። (እዚህ አገር አንድ ትልቅ ሰው ለራሱ በዓመት እስከ 100 ጋሎን መጥመቅ ይችላል፣ መሸጥ ግን የለም።) ቤት ስገባ ለባለቤቴ 25 ኪሎ ነው የገዛሁት አልኳት፣ ግማሹን ኩሽና፣ ግማሹን ጋራዥ ደበቅኩ። በእግር ረግጬ ከነልጣጩ ባልዲ ውስጥ፣ እርሾ የለም፣ ወይን እንዳይበላሽ የሚጨምሩት ሰልፋይት የለም፣ ናቹራል ነዋ። በሦስተኛው ቀን መፍላት ጀመረ።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ሲፈላ ጋዙ ልጣጩን ወደላይ ይገፋውና ላዩ ላይ እንደቂጣ ይጋገራል፣ እሱን በቀን ሁለት ሦስቴ ወደታች ካላጠለቅከው ይደርቅና አየር ላይ ያለ ባክቴሪያ አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ ይቀይረዋል። እኔ ደግሞ ለአራት ቀን ሎስ አንጀለስ ሰርግ ሄድኩ። የኩሽናውን ባለቤቴ በማማሰያ እየገፋች ጠበቀችልኝ፣ የጋራዡን ግን እንዴት ልንገራት? ስመለስ በሩን ስከፍት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሽታ ተቀበለኝ፣ የዝንብ መንጋ ደግሞ ባልዲው ላይ። እማዬ ስትሰማ «ጥንስስ ጥሎ ሰርግ የሚሄድ ማነው?» አለችኝ። ናቹራል ማለት ዝም ብሎ መተው መስሎኝ ነበር፤ ግራቭነር ራሱ ፈልቶ እስኪያበቃ ድረስ ልጣጩን በቀን ስንቴ ነው የሚገፋው፣ ጋኑን አሽጎ እስከ ጸደይ የሚተወው ከዛ በኋላ ነው።

የኩሽናውን ሦስት ሳምንት ከልጣጩ ጋር አቆይቼ በሻሽ ጨመቅኩት፣ 14 ሊትር ገደማ ወጣው። ሦስት ባለ 5 ሊትር ጠርሙስ ላይ አካፈልኩት፣ ሁለቱ እስከ አንገታቸው ሞሉ፣ ሦስተኛው ጎደለ፣ እኔም ምን ይሆናል ብዬ ተውኩት። በወሩ ያ የጎደለው ቡናማ ሆኖ የተቆረጠ ፖም ይሸታል። መፍላት ሲያቆም ከአየር የሚጠብቀው ጋዝ የለማ! ሁለት ትንንሽ ጠርሙስ ላይ ጢም አድርጌ ብሞላው ኖሮ ይድን ነበር።

የተረፉት ሁለቱ ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ ጉሽ ናቸው፣ የደረቀ ብርቱካን ልጣጭ ይሸታሉ፣ ከዶሮ ወጥ ጋር ደግሞ ነጭ ወይን የማይችለውን በርበሬ ይችላሉ። ፍሪጅ ውስጥ ብዙ አታቆዩት፣ ሲቀዘቅዝ ምሬቱ ብቻ ነው የሚቀረው።

የጋራዡ ኮምጣጤ ሰላጣ ላይ እየዋለ ነው፣ ባለቤቴ ከየት እንደመጣ አልጠየቀችም፣ የምታውቅ ይመስለኛል። መጪው መስከረም ላይ የእህቷ ሰርግ አለ፣ ለሽማግሌው እስካሁን አልደወልኩም።