ሲሌክትድ ማለት ቪዛ ማለት አይደለም

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ሐዋሳ ውስጥ የማይጠፋ ወሬ አለ። «የእነ እገሌ ልጅ ዲቪ ደረሰው!» ይባላል። ቡና ይፈላል፣ ዘመድ አዝማድ ይሰበሰባል። አሜሪካ ያለነውም ስልካችን ይጮኻል። የሰው ደስታ መሀል መግባት አልወድም። በአንድ ቃል ምክንያት መተዳደሪያውን ሊሸጥ የተነሳ ልጅ ካየሁ በኋላ ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቤተሰብ ለመጠየቅ ሐዋሳ ሄጄ ነበር። የጎረቤታችን ልጅ ለባጃጁ ገዢ አግኝቶ፣ ዋጋም ተነጋግሮ ጨርሷል። «እትዬ፣ ደርሶኛል እኮ! ባጃጅ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል?» አለኝ። ስልኩን ተቀብዬ ውጤቱን አነበብኩት። ሲሌክትድ ይላል። ኢሹድ የሚል ቃል የትም የለም።

እኛ ሁለቱንም «ደረሰኝ» ብለን እናልፋቸዋለን። ሲሌክትድ ማለት ስምህ በዕጣ ወጥቷል፣ አሁን ማመልከት ትችላለህ ማለት ነው። ኢሹድ ማለት ደግሞ ቪዛው ተሰጥቷል፣ ፓስፖርትህ ላይ አለ ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ረጅም መንገድ አለ። ሕጉ በዓመት የሚፈቅደው ቢበዛ 55,000 የዲቪ ቪዛ ነው። የሚመረጠው ሰው ግን ከነቤተሰቡ ሲቆጠር ከ100,000 የሚያልፍባቸው ዓመታት አሉ። ለሁሉም እንደማይበቃ እየታወቀ ነው የሚመረጠው። ከዚያ ዲኤስ-260 የሚባለው ቅጽ ይሞላል። የኬዝ ቁጥሩ ተራ እስኪደርስ ይጠበቃል። የጤና ምርመራውና ቃለ መጠይቁ አዲስ አበባ ነው። ይህ ሁሉ ማለቅ ያለበት ሴፕቴምበር 30 ከመድረሱ በፊት ነው፤ በእኛ መስከረም 20 ገደማ መሆኑ ነው። ያለፈበት ቁጥር ለቀጣዩ ዓመት አይተላለፍም።

እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ ሲመጣ ኤምባሲዎች መደበኛ የቪዛ ሥራ አቆሙ፤ ዲቪን ጨምሮ ብዙ የኢሚግራንት ቪዛም በፕሬዚዳንት ትእዛዝ ታገደ። ብዙ ተመራጮች በእጃቸው የቀረው ያ ሲሌክትድ የሚለው ወረቀት ብቻ ነበር። ይህን ስነግረው ልጁ ፊቱ ጠቆረ። እኔም አንጀቴ ተላወሰ። ባጃጁን ግን አልሸጠም። የኬዝ ቁጥሩ እስኪጠራ ከፒያሳ መናኸሪያ እየተመላለሰ ሥራውን ቀጠለ።

ሌላው እናቶቻችንን የሚመለከት ነው። ልጃቸው ስትወልድ ለማረስ በጎብኚ ቪዛ ይመጣሉ። ቪዛው ላይ የሚያበቃበት ቀን ተጽፏል። ብዙ ቤተሰብ ያን ቀን አይቶ «እስከዚያ መቆየት ትችላለች» ይላል። አይደለም። ያ ቀን የሚናገረው እስከ መቼ ድረስ መጥታ መግባት እንደምትጠይቅ ነው። እስከ መቼ እንደምትቆይ የሚወስነው ኤርፖርት ላይ የሚቀበላት መኮንን ነው። እሱ የሰጠው ቀን አይ-94 በሚባለው መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ኢንተርኔት ላይ ገብቶ ማየት ይቻላል። ለጎብኚ ብዙውን ጊዜ 6 ወር ይሰጣል። ስለዚህ ቪዛው ተቃጥሎ ቆይታው ሊቀጥል ይችላል። ቪዛው ገና ሳይቃጠል ቆይታው ሊያልቅም ይችላል። የሚያስፈራው ሁለተኛው ነው። ከ180 ቀን በላይ ያለ ፈቃድ ቆይቶ የወጣ ሰው 3 ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ደግሞ 10 ዓመት ተመልሶ እንዳይገባ ሊከለከል ይችላል። እናት የልጅ ልጇን ለ10 ዓመት በስልክ ብቻ ስታይ አስቡት። እባካችሁ፣ እናታችሁ በመጣች ሳምንት አይ-94ቷን አውጡና ቀኑን ፍሪጁ ላይ ለጥፉት።

ስደተኛ የሚለው ቃላችን ደግሞ በጣም ሰፊ ነው። በዲቪ የሄደውም፣ በጋብቻ የሄደውም፣ ኬንያ ካኩማ ካምፕ ያለውም፣ ዋሽንግተን ገብቶ እጁን የሰጠውም (ጥገኝነት የጠየቀውም) ሁሉም ስደተኛ ነው። እንግሊዝኛው ይለያቸዋል፤ መብታቸውም ይለያያል። ኢሚግራንት የሚባለው በቋሚነት ለመኖር የገባ ነው። ሪፊውጂ የሚባለው አሜሪካ ከመግባቱ በፊት፣ ውጭ ሆኖ ጉዳዩ ታይቶ የተፈቀደለት ነው። አሳይለም፣ ማለትም ጥገኝነት፣ የሚጠየቀው ግን አሜሪካ ከገቡ በኋላ ወይም መግቢያው ላይ ነው። እዚህም ውስጥ ሁለት ሰው አለ። አሳይለም ሲከር ጠይቆ የሚጠብቅ ነው። አሳይሊ ተፈቅዶለት ያበቃ ነው። አሳይሊ ወዲያው መሥራት ይችላል፤ ከአንድ ዓመት በኋላም ግሪን ካርድ ማመልከት ይችላል። የሚጠብቀው ሰው የሥራ ፈቃዱን ለብቻው አመልክቶ መጠበቅ አለበት። ኬዙ ደግሞ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጮክ ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። የአሳይለም ማመልከቻ በመሠረቱ በገቡ በአንድ ዓመት ውስጥ መግባት አለበት፤ ከዚያ ውጭ ያለው ቀዳዳ ጠባብ ነው። «ጓደኞቼ እስኪመክሩኝ፣ ትንሽ ገንዘብ እስክይዝ» እያሉ ዓመቱን የሚያሳልፉ አሉ። የሚጠየቀውም ድህነት አይደለም። በዘር፣ በሃይማኖት፣ በዜግነት፣ በፖለቲካ አመለካከት ወይም የአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባል በመሆን የደረሰ ወይም የሚያስፈራ በደል ነው። ችግሬ ከባድ ነው ማለት ብቻውን አይበቃም።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን የቤታችን ቃል ነው፤ ወንድም። እኛ ዘንድ የአጎት ልጅ ወንድም ነው። አብሮ ያደገም ወንድም ነው። ፍቅራችን ነውና እንዲቀየር አልፈልግም። እንግሊዝኛው ግን ብራዘርና ከዝን ብሎ ይለያል። አሳይለም የጠየቀ ሰው በቃለ መጠይቅ «ወንድሜ ታሰረ» ይላል። አስተርጓሚው ብራዘር ይላል። ቅጹ ላይ ደግሞ እኅትና ወንድም በሚለው ቦታ ያ ስም የለም። ጠያቂው አንገቱን ቀና ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ሪል አይዲ አክት የሚባለው ሕግ እንዲህ ያለውን አለመጣጣም፣ የጉዳዩ ዋና ነጥብ ባይሆን እንኳ፣ ተአማኒነትን ለመመዘን ጠያቂዎቹ እንዲጠቀሙበት ይፈቅድላቸዋል። እውነቱን የተናገረ ሰው እንደ ዋሾ ሊታይ ይችላል።

አሳደግኳት የምንላት ልጅም እንዲሁ ናት። በእኛ ልጅ ናት፤ አዶፕትድ (በጉዲፈቻ የተወሰደች) የሚለው ቃል ግን ሕጋዊ ወረቀት ይፈልጋል።

ስለዚህ ቅጽ ስትሞሉ «የአጎቴ ልጅ»፣ «የአባቴ ልጅ፣ በእናት የማንገናኝ»፣ «ያሳደገችኝ አክስቴ» እያላችሁ እስከ ጥግ ድረስ ተናገሩ። አሳይለም ቢሮ ውስጥ አስተርጓሚ ይዞ የሚመጣው አመልካቹ ራሱ ነው፤ ፍርድ ቤት ሲሆን ግን ፍርድ ቤቱ ያቀርባል። ይዛችሁ የምትሄዱት ሰው እንግሊዝኛው የሚፈስ ብቻ አይሁን። ከዋናው ቀን በፊት አብራችሁት ተቀመጡና የቤተሰቡን ስም አንድ በአንድ ንገሩት፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ይወቅ። በቃለ መጠይቁ መሀል የተተረጎመው ከጆሯችሁ ጋር ካልገጠመ «ይቅርታ፣ እንደዚያ አላልኩም» በሉ። ማቋረጥ ነውር አይደለም፤ መዝገቡ የሚስተካከለው ያን ጊዜ ነው።