አረፋ የሌለው ድንጋይ

ደብረ ማርቆስ ሳለሁ፣ ክረምት ላይ ጨሞጋ ሲሞላ እናቴ «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ትለኝ ነበር። ነገሩ የገባኝ ግን ፔንስልቬንያ ውስጥ፣ ዮካጌኒ የሚባል ወንዝ ላይ ነው።

ካያክ፣ አንድ ሰው ተቀምጦ የሚቀዝፈውን ጠባብ ጀልባ፣ የተማርኩት ሜሪላንድ፣ ፖቶማክ ወንዝ ላይ ነው። ሦስት ዓመት ቀዝፌበታለሁ። ውሃው ሲጨምር የቱ ጋ እንደሚከፋ በቃሌ አውቃለሁ። ፖቶማክን ማወቄን ወንዝ ማወቅ አድርጌው ነበር።

ባለፈው ግንቦት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ዮካጌኒን ልንቀዝፍ ኦሃዮፓይል ሄድን። ሦስታችንም ወንዙን አይተነው አናውቅም። የመጀመሪያዎቹ ከባድ ቦታዎች ከሩቅ ይጮሃሉ። ተዘጋጅተን ገባን፣ ወጣን፣ ደስ አለን። ከዚያ ዲምፕል ሮክ ደረስን።

ከላይ ሲያዩት ያን ያህል አያስፈራም። ውሃው ቀጥ ብሎ በግራ በኩል ወዳለ ትልቅ ድንጋይ ይሄዳል። ሌላ ድንጋይ ቢሆን ውሃው ሲመታው መልሶ ይገፋዋል፤ ፊቱ ላይ ትራስ የመሰለ ነጭ አረፋ ይቆማል። ያ ትራስ ጀልባንም ገፋ ያደርጋል። የዲምፕልን ሥር ግን ውሃ ቦርቡሮታል። የመጣውን ወደ ውስጥ ይስባል። ብዙ ሰው ሞቶበታል።

ወደ ቀኝ ለመታጠፍ ዘገየሁ። ጎኔ ድንጋዩን እንደነካ ተገለበጥኩ። ልቃና ብል መቅዘፊያዬ ሥሩ ገብቶ አልንቀሳቀስ አለኝ። እጄን ብዘረጋ ድንጋይ መኖር ያለበት ቦታ ባዶ ነው። ወገቤ ላይ የጀልባዬን አፍ የሚዘጋውን መሸፈኛ ስቤ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ነገር የለም፤ ውሃው ራሱ በቀኝ ጠርዝ በኩል ተፋኝ።

በጣም የሚቆጨኝ ይሄ ነው፦ ከቦታው በላይ ዳር ወጥቶ ማየት ይቻል ነበር። ጀልባን ተሸክሞ በእግር ማለፍም ይቻላል። እኛ ግን የሚጮኸውን ብቻ ነበር የፈራነው። ወንዝ ላይ የወደቀ ዛፍም አይጮህም፤ ውሃው በቅርንጫፎቹ መሃል ያልፋል፣ ሰው ግን ተይዞ ይቀራል። እዚሁ ፖቶማክ ላይ ሊትል ፎልስ አጠገብ ያለው ዝቅተኛ ግድብም እንደዚያው ነው። ከፍታው አያስደነግጥም፤ ከሥሩ ያለው ውሃ ግን የያዘውን እያገላበጠ ወደ ኋላ ይመልሳል።

ሰኔ ላይ ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩ። አልቀዘፍኩም። ዳር ተቀምጬ ድንጋዩን አንድ ሰዓት ያህል አየሁት። ራፍት በሚባሉ፣ በአየር በተነፉ ትልልቅ ጀልባዎች የተጫኑ ሰዎች እየሳቁ ያልፋሉ። አንድ እንጨት አንስቼ ወደ ድንጋዩ ወረወርኩ። እስከ ሃያ ቆጠርኩ። ሲወጣ አላየሁትም።