ቢጫዋ፣ በርቺ!

ማራቶን ሮጥኩ ስል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። "ስንተኛ ወጣሽ?" ቀጥሎ "ሽልማቱ ስንት ነው?" ይመጣል። ስንተኛ እንደወጣሁ አላውቅም። ገንዘቡን ከጠየቃችሁኝ ደግሞ መመዝገቢያ ከፍዬ ነው የሮጥኩት። ይሄን ስናገር ከልባቸው ነው የሚያዝኑልኝ።

አልፈርድባቸውም። እኛ አገር ማራቶን ማለት አበበ ቢቂላ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ልክ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ወርቅ አመጣ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ደገመው። ከዚያ ማሞ ወልዴ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ገዛኸኝ አበራ፣ ቲኪ ገላና፣ ታምራት ቶላ እያለ ይቀጥላል። እንዲህ ባለ አገር ያደገ ሰው ማራቶንን ከሥራ ሌላ ምን ብሎ ያስበው? ወይ አትሌት ነሽ፣ ወይ ሶፋ ላይ ሆነሽ በቴሌቪዥን ታያለሽ። መሃል ላይ ያለ ሰው አይታወቅም። እኔ መሃል ላይ ነኝ። ትዕግስት አሰፋ በፈረንጆቹ 2023 በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ነው የገባችው። በሷ ፍጥነት ሲሰላ እኔ አንዴ እስክጨርስ ሁለቴ ሮጣ፣ ሻወር ወስዳ፣ ቡናም ተፈልቶላት አቦሉን ትጠጣለች።

የደሴ ልጅ ነኝ። ሐዋሳ የመጣሁት ለሥራ ነው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ደግሞ ሌላ 275 አካባቢ፤ ለበዓል ካልሆነ ብድግ ብሎ የሚኬድበት አይደለም። እዚህ ዘመድ የለኝም። መጀመሪያ ላይ ይሄ ነገር ይከብደኝ ነበር፤ እሁድ እሁድ በተለይ። በኋላ ግን ያልጠበቅኩት ጥቅም አገኘሁበት። ሐዋሳ ውስጥ የማን ልጅ እንደሆንኩ የሚያውቅ ሰው የለም።

ይሄ ለሩጫ ምን ያደርጋል የምትሉ ትንሽ ከተማ አላደጋችሁም ማለት ነው። ደሴ ውስጥ እኔ ታይት ለብሼ በማለዳ ብሮጥ፣ ፒያሳ ሳልደርስ እናቴ ጋ ስልክ ይደወላል። "ልጅሽ ደህና ናት? ሰው ታሞባችሁ ነው?" ከዚያ አክስቶቼ ይሰማሉ። ከዚያ ትዳር የያዝኩ ቀን ይሄ ነገር ይነሳል። ሐዋሳ ላይ ግን የፈለግኩትን ብለብስ፣ ቀስ ብዬ ብሮጥ፣ መሃል ላይ ቆሜ ጉልበቴን ይዤ ባለከልክ ማን ምን አገባው? ሰው ይስቃል፤ ስሜን ጠርቶ ግን አይስቅም። ልዩነቱ ትልቅ ነው። እውነቱን ለመናገር አገሬ ላይ ብሆን ኖሮ ይሄን ማራቶን በጭራሽ አልሮጥም ነበር።

ከተማዋም ለሩጫ ትመቻለች። ደሴን የሚያውቅ ያውቃል፤ ጦሳ ሥር ነው ያለነው፣ ዳቦ ልትገዢ ወጥተሽ ዳገት ነው። ሐዋሳ ሜዳ ናት። ታቦር ተራራ ላይ ልውጣ ካላልሽ በቀር እግርሽ ዳገት አያውቅም። ንጋት ላይ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ወጥቼ ወደ ሐይቁ እወርዳለሁ፣ በፍቅር ሐይቅ በኩል አድርጌ ዳር ዳሩን ወደ አሞራ ገደል። እዚያ ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ሲያስጠጉ እነዚያ ራሰ በራ አባ ኮዳዎች የዓሣ ሆድቃ ይጠብቃሉ። ለሩጫ ብዬ ስጠጋቸው እንኳ አይንቀሳቀሱም፤ ዞሬ የማልፈው እኔ ነኝ። ረጅም በምሮጥበት ቀን ደግሞ በሻሸመኔ መንገድ እስከ ጥቁር ውሃ ድረስ ደርሼ እመለሳለሁ።

አስቸጋሪዎቹ ውሾችና ባጃጆች ናቸው። ውሻ ድንጋይ ያነሳሽ ከመሰለው ይመለሳል፤ ለባጃጅ ግን መፍትሔ አላገኘሁለትም። አጠገቤ ቀስ ብሎ እየነዳ "ግቢ፣ በነፃ ላድርስሽ" የሚል አይጠፋም። አንዱ ደግሞ "ኧረ እህቴ፣ የሸሸው ሰውዬ አይያዝም፣ ተይው!" ብሎኝ በሳቅ ሩጫዬን አቋርጦኛል። አከራዬ ደግሞ መጀመሪያ በር ስከፍት የሰሙኝ ዕለት በመስኮት ብቅ ብለው "ልጄ፣ በዚህ ጨለማ ማን እያባረረሽ ነው?" አሉኝ። "ስፖርት ነው እትዬ" አልኳቸው። "ስፖርትማ ሲነጋም አለ" ብለው መስኮቱን ዘጉት።

በማለዳ የምወጣው ወድጄ አይደለም፤ ሙቀቱ ነው። ይሄን ከደጋ የመጣ ሰው ይረዳኛል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሐዋሳ ግን 1,700 አካባቢ። ከፍታው ሲቀንስ አየሩ ኦክስጅን ይበዛዋል፤ የመጀመሪያ ሰሞን ትንፋሼ ሰፍቶልኝ ጀግና የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ግን ደጋ በትንፋሽ የሚያስከፍለውን ሐዋሳ በላብ ታስከፍላለች። ጠዋት ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ፀሐይዋ ቀልድ አታውቅም። ሰውነት ሙቀት ሲበዛበት ለጡንቻ የሚሄደውን ደም ከፍሎ ቆዳን ለማቀዝቀዝ ይልከዋል፤ ስለዚህ በዚያው ፍጥነት ብትሮጪም ልብሽ ይበልጥ ይመታል። የሮሙ ማራቶን ራሱ ፀሐይ ሽሽት አመሻሽ ላይ ተጀምሮ ነው አበበ በችቦ ብርሃን የገባው። ችቦ የሚይዝልኝ ስለሌለ እኔ ንጋትን መረጥኩ።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም። ፈረንጆቹ ጄል የሚሉት በትንሽ ላስቲክ የታሸገ ጣፋጭ ነገር አለ፤ ሐዋሳ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ፣ ባገኘውም ዋጋውን እንጃ። እናቴ ከደሴ የላከችልኝ በሶ ነበረኝ። በማርና በትንሽ ጨው አሽቼ ጭብጦ አድርጌ በላስቲክ ጠቅልዬ ወገቤ ላይ በምታሰር ቦርሳ ያዝኩት። ከጄል ያንሳል የሚል ካለ ይምጣና እንከራከር። ጫማዬ ከሳልቫጅ የተገዛ ነው፣ ግን ኦሪጅናል፤ ሶሉ ገና አላለቀም ነበር። ቫዝሊን ደግሞ አትርሱ። ብብት፣ ጭን፣ ጡት ማስያዣው የሚያርፍበት ቦታ፣ የእግር ጣት መሃል፣ በደንብ ለቅለቅ። ይሄን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ሻወር ቤት ገብቼ ውሃ ሲነካኝ ጮኬ ነው የተማርኩት።

ለእናቴ የነገርኳት ሳምንት ሲቀረው ነው።

"ስንት ነው ያልሽኝ?"

"42 ኪሎ ሜትር። ከደሴ ኮምቦልቻ ደርሶ መልስ ትንሽ ሲቀረው ማለት ነው።"

"በሐረጎ በኩል?"

"እማ፣ ሐዋሳ ሐረጎ የለም። ሜዳ ነው።"

"ታዲያ መኪና ምን ሆነ?"

ዝም ስላት "ምግብ ትበያለሽ ግን?" አለች። እናት በስልክ ሌላው ሁሉ ሲያቅታት የምትጠይቀው ይሄንን ነው። በመጨረሻ "በይ አብሽሪ፣ ከደከመሽ ግን ቁጭ በይ፣ ማንም አያይሽም" ብላ ዘጋችው። ማንም አያይሽም ያለችው እሷም ገብቷት ነው መሰለኝ።

ዕለቱ እሁድ ነው። ገና በጨለማው መነሻው ጋ ሰው ግጥም ብሏል፤ አብዛኛው ግን አጭሩን ርቀት የሚሮጥ ነው፤ ሙሉውን የምንሮጠው ጥቂት ነን። ከፊት እውነተኞቹ አትሌቶች አሉ፤ ቀጫጭን፣ ዝምተኞች፣ ብርድ ልብስ የለበሱ። ከኋላ እኛ። ተኩሱ ሲሰማ ሁሉም እንደ ጥይት ነው የተፈተለከው። እኔ ለራሴ ቃል የገባሁት አንድ ነገር ነበር፤ እስከ 20 ኪሎ ሜትር ድረስ አፍ አውጥቼ ማውራት በምችልበት ፍጥነት ብቻ። የሚያወራኝ ባይኖርም ለራሴ እያንጎራጎርኩ ቀጠልኩ። ታዳጊ ልጆች በነጠላ ጫማ አልፈውኝ ሄዱ። ጥቂት ቆይቶ መንገድ ዳር ቁጭ ብለው አገኘኋቸው፤ "አንቺ አልደከመሽም?" አሉኝ።

ገብርኤል አካባቢ ስደርስ የቅዳሴው ድምፅ በማይክ ይሰማል። መንገዱ ከተማዋን እየዞረ በዚያው በዚያው ስለሚመለስ በሌላ ዙር ሳልፍ ሕዝቡ ነጠላውን አጣፍቶ እየወጣ ነው። የሮጥኩት በደማቅ ቢጫ ቲሸርት ነበር፤ ሌላ ቀለም ታጥቦ አልደረቀልኝም። እና ደረቴ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም። አንዲት እናት ከግቢው በር ላይ "አንቺ ቢጫዋ፣ በርቺ ልጄ፣ እሱ ይርዳሽ!" አሉኝ። ከዚያ አንድ የሊስትሮ ልጅ ተቀበላቸው። "ቢጫዋ! ቢጫዋ!" ከዚያ ወዲያ ስሜ እሱ ሆነ። መናኸሪያ ጋ፣ ሐይቁ ዳር፣ ፒያሳ፣ በሄድኩበት ሁሉ ቢጫዋ።

እስከ 30 ኪሎ ሜትር ድረስ ስለራሴ ጥሩ ግምት ነበረኝ። ከዚያ በኋላ ያለው ሌላ ስፖርት ነው። ጡንቻና ጉበት ውስጥ የተጠራቀመው ስኳር ለብዙ ሰው የሚያልቀው እዚያ አካባቢ ነው፤ ሰውነት ከዚያ ወዲያ የሚያቃጥለው በዋናነት ስቡን ነው፣ ስብ ደግሞ ነዳጅነቱ ዘገምተኛ ነው። ይሄን አንብቤ አውቃለሁ። ማወቅ ግን ምንም አይጠቅምም። ጭኔ ሲሚንቶ ሆነ፣ ፀሐይዋ አናቴ ላይ ወጣች፣ በሶውን ላላምጥ ብል ምራቅ የለም። ይባስ ብሎ ውሃ የሚታደልበት ጠረጴዛ ጋ ስደርስ ባዶ ካርቶን ብቻ ነው ያለው። አዘጋጆቹ ፈጣኖቹ ሲያልፉ ሥራው ያለቀ መስሏቸው መሰለኝ፤ መንገዱም ተከፍቶ ባጃጆች ጥሩምባቸውን እየነፉ በግራና በቀኜ ይሽሎከለካሉ። ብዙ ውሃ የሚጠማው እኮ ፀሐይ ላይ ብዙ የሚቆየው ቀርፋፋው ነው! ሌላ ጊዜ ማራቶን የምታዘጋጁ እባካችሁ ውሃውን ከኋላ ጀምራችሁ ቁጠሩ።

እዚህ ላይ ነው የማን ልጅ እንደሆንኩ የሚያውቅ ሰው ያማረኝ። አንድ ሰው ብቻ። በሙሉ ስሜ ጠርቶ፣ ከነአባቴ፣ የሚቆጣኝ። 36ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ቆሜ ግድግዳ ተደግፌ እግሬን ሳሸው አንድ ባጃጅ ቆመ። "በነፃ ላድርስሽ" ሊል ነው ብዬ ልቆጣ ስዘጋጅ ከወንበሩ ሥር የራሱን የውሃ ኮዳ አውጥቶ ሰጠኝ። "ጠጪና ሂጂ። ጠዋት ጠዋት በሐይቁ ዳር የምትሮጪው አይደለሽም እንዴ? እዚህ ደርሰሽማ አትቆሚም።" ለብ ያለ ውሃ ነበር። ግማሹን ጠጣሁ፣ ግማሹን አናቴ ላይ አፈሰስኩት። ኮዳውን ስመልስለት "አራት ብቻ ቀርቶሻል" አለኝ። ስድስት ነበር የቀረኝ። አላረምኩትም።

የመጨረሻውን ክፍል ሩጫ ነው ብዬ አልከራከርም፤ አንዳንዴ መራመድ፣ አንዳንዴ ማነከስ። 42ን አልፎ ያቺ 195 ሜትር ስትመጣ ግን ተናደድኩ። ታሪኳን ስለማውቅ ነው። ርቀቱ 42 ከ195 የሆነው በፈረንጆቹ 1908 ለንደን ላይ ሩጫው ከዊንዘር ቤተ መንግሥት ተነስቶ ስታዲየም ውስጥ ንጉሣውያኑ ከሚቀመጡበት ፊት እንዲያልቅ ተደርጎ ስለተለካ ነው፤ በ1921 ያው ርቀት ለሁሉም ደንብ ሆነ። የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ተመቸው ተብሎ እኔ ሐዋሳ ላይ 195 ሜትር ልጎተት? ተጎተትኩ። አምስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ገባሁ። ሜዳሊያ አንገቴ ላይ ያጠለቀልኝ ልጅ ስልኩን እያየ ነበር።

እዚያው ሣር ላይ ተዘርግቼ ለእናቴ ደወልኩ።

"ጨረስኩ እማ።"

"እሰይ የኔ ዓለም! እግርሽ ደህና ነው?"

"ደህና ነው።"

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ስንተኛ ወጣሽ?"

በነጋታው ቢሮ ደረጃ የወረድኩት የኋሊት ነው፤ ስቃችሁ ስታበቁ ሞክሩት፣ ከፊት ለፊቱ ይሻላል። የእግሬ አውራ ጣት ጥፍር ጠቁሮ ቆይቶ ወደቀ። ሥራ ቦታ ያሉት ልጆች ዓሣ ሾርባ ጋበዙኝ፣ አንዷ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት አብሬሽ ልውጣ ብላ እስካሁን አልወጣችም።

አንድ ነገር ግን ተበላሽቶብኛል። በሐይቁ መንገድ በሄድኩ ቁጥር ባጃጅ ነጂዎቹ "ቢጫዋ!" ይሉኛል፤ ሥራ ቀን፣ ሸሚዝና ጉርድ ለብሼም ጭምር። ባለፈው ሳምንት ዝናብ ነበርና ሳልወጣ ቀረሁ። አከራዬ ቁርሴን ስበላ መጥተው በር ላይ ቆሙ። "ዛሬስ ምነው? አሞሽ ነው? ባለ ሱቁም ጠየቀኝ።"