ተሸካሚ አላችሁ ወይ?

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ልቤ ከብዶኛል። ዝናቡ ነው ልበል፣ መብራት መጥፋቱ ነው ልበል፣ እንጃ። የስፌት መኪናዬ በኤሌክትሪክ ስለሆነ ቆሟል። ወንድሜ ጓሮ ሆኖ በእጅ መጋዝ ጣውላ ይቆርጣል። አባዬ በር ላይ ቁጭ ብሎ መንገዱን ያያል። የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፣ ሬሳ ሳጥን እየተሠራ የሚሸጥበት ቤት ነው ያደግኩት። አሁንም ከአዲስ አበባ ዳር፣ እዚህ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስታችን ነን የምንሠራው።

ሰው አይጠላንም፤ ግን አይጠጋንም። ለበዓል ሰሞን ሌላውን ነጋዴ ሁሉ «ገበያ እንዴት ነው?» የሚል ሰው እኛ ጋ ሲደርስ ሰላም ብሎ ያልፋል። ለምጄዋለሁ።

የእኔ ድርሻ ውስጡን ማልበስ ነው። ነጩን ሳቲን እየሸበሸብኩ ዙሪያውን በትንንሽ ምስማር እመታለሁ፣ ራስ የሚያርፍበት ጋ ጥጥ እጨምራለሁ። አንዳንዴ የምስማሩ ጫፍ ጣውላውን በስቶ ወደ ውስጥ ይወጣል። በእጄ ዳብሼ ካገኘሁት ነቅዬ እንደገና እመታዋለሁ። ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ ማንም አያየውም፣ የሚተኛበትም ሰው አይሰማውም። ግን የሰው እናት ናት፣ የሰው አባት ነው። እንዴት ብዬ ልተወው?

ረፋድ ላይ አንድ ሰውዬ መጣ። ጃኬቱ በዝናብ በስብሷል። እናቱ ሌሊት አርፈዋል። አባዬ ተነስቶ «እግዚአብሔር ያጽናህ ልጄ» አለው፣ አስቀመጠው፣ ከዚያ ቁመታቸውን ጠየቀው። ቀጥሎ የጠየቀው ደረጃውን ነው። ስንተኛ ፎቅ? አራተኛ።

ኮንዶሚኒየም መሀል የሚሠራ ሳጥን ሠሪ ከሟች ቀጥሎ ደረጃውን ይለካል። ጂ ፕላስ አራቶቹ ሊፍት የላቸውም። ሳጥኑ ደግሞ ወደ 2 ሜትር ይጠጋል፤ ደረጃው የሚታጠፍበት ማረፊያ ላይ ሲደርስ አልዞር ይላል። ወይ በደረጃው አጥር ላይ ወደ ላይ አንስቶ ማሳለፍ ነው፣ ወይ ማቆም ነው፤ አስከሬን ይዞ ማቆም ደግሞ ማንም አይወድም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሳጥኑ ታች ይቀመጥና ሟች በቃሬዛ፣ ቃሬዛ ከሌለ በብርድ ልብስ ይወርዳሉ። ቤተሰቡ ግን ሳጥኑ ቤት ገብቶ፣ ተለቅሶበት፣ ከቤት እንዲወጣ ነው የሚፈልገው። ይገባኛል። እኔም ብሆን እንደዚያው ነው የምፈልገው።

ሰውዬው ሁሉንም ሰማና ቀስ ብሎ «ተሸካሚስ አላችሁ?» አለን።

ወንድሜና የጎረቤት ልጆች አብረውት ሄዱ። እኔ ግን ጥያቄው አልወጣልኝም። ድሮ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ነበር? ሳጥን ይገዛል፣ መኪና ይከራያል፣ ትከሻ ግን ይገዛል እንዴ?

የሰውዬው ቤተሰብ የድሮ ሰፈር ካዛንችስ ነበር። በ2017 ሰፈሩ ሲፈርስ እድሩም አብሮ ተበተነ፤ አንዱ አራብሳ ሄደ፣ አንዱ ገላን፣ አንዱ ልጆቹ ጋ ገባ። ድንኳኑና ድስቱ የሆነ ቦታ ይኖራል። ሰዎቹ ግን በሦስት ታክሲ ነው የሚደርሱት፣ ያውም ዝናብ ከሌለ። አዲሱ የብሎካቸው እድር አለ፣ መግቢያም ከፍለዋል። ድንኳን ይተክልላቸዋል፣ ወንበር ያመጣል፣ ንፍሮውም ኮሚናሉ፣ የጋራ መገልገያው ቤት ውስጥ ይቀቀላል። ግን ሰው ገና አልተዋወቀም። ቴሌግራሙ ላይ «ነፍስ ይማር» የሚል መልእክት ተደርድሯል፤ ቁጭ ብሎ ማን ይቆጥረዋል፣ ብዙ ነው። ደረጃውን የወጣው ሰው ጥቂት ነው። ሰውም ክፉ ሆኖ አይደለም። ሥራው መሀል ከተማ ነው፣ ሳይነጋ ወጥቶ በሰልፍ ተሳፍሮ የሚሄድ ሰው ነው።

ልጅ ሆኜ ገና ጎህ ሳይቀድ የእድር ጥሩምባ ሲነፋ አባዬ ጫማውን ሲያስር እሰማ ነበር። የቀረ ይቀጣል። ግን ቅጣቱን ፈርቶ ብቻ የሚሄድ አልነበረም። ቀብር ላይ ወንዶቹ ሳጥኑን ሲቀባበሉ አይቼ አልጠግብም፤ አንዱ ሳይደክመው ሌላው ትከሻውን ያስገባል፣ የተጣላ ሰው እንኳ ከተጣላው ጎን ገብቶ ይሸከማል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ከእኛ ሳጥን አይገዙም፣ በከፈን ነው የሚሸኙት፤ ጀናዛ ሲያልፍ ግን የማያውቀው ሰው ሳይቀር ከመንገድ ገብቶ ትከሻውን ሲሰጥ አያለሁ። በ2012፣ በኮሮናው ጊዜ፣ ለቀስተኛ ሲገደብ ሰዉን ያቃጠለው ይኼ ይመስለኛል። ሞቱ ብቻ አይደለም፤ ሳይሸከሙ መቅረቱ ነው።

ወንድሜ ሲመለስ ዝናብ በዝናብ ሆኖ ነው። ቡናውን እንኳ ሳይጨርስ ተሸካሚ መያዝ አለብን አለ። አራት አምስት ጠንካራ ልጆች፣ ጥቁር ሱፍ፣ ነጭ ጓንት፣ በስልክ ሲጠሩ የሚደርሱ። «ሰው የለንም እያሉን እያየን ዝም እንበል?» አለ። አባዬ አልተቆጣም። «ሬሳ በገንዘብ አይሸከሙም» አለና ወደ መንገዱ ዞረ።

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ልጆቻቸው ዱባይና አሜሪካ የሆኑባቸው፣ ብቻቸውን አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ስንት እናቶች አሉ? ልጅ እስኪመጣ አስከሬን ሆስፒታል ማቀዝቀዣ ውስጥ ቀናት ሲቆይ እናያለን። ልጅ ይመጣል፣ ሻንጣውን እንደያዘ ያለቅሳል፣ ከአጠገቡ የሚቆም ወንድ ግን የለውም። እንዲህ ላለው ሰው ጨዋ ልጆች ቢመጡለት ነውር ነው? የተከፈለው ትከሻ ጠንቅቆ ይሸከማል፣ አይጥላቸውም። ግን ደግሞ ኪራዩ ከተለመደ ያ በራሱ ሊወጣ የነበረው ጎረቤት «ልጆቹ አሉ አይደል» ብሎ ቤቱ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ መቼ ነው ሰፈር የሚሆነው? አባዬ የሚፈራው ይኼንን ነው፣ ባይናገረውም። እሱ እስከ ዛሬ ለሁለት እድር ይከፍላል፣ ለድሮውም ለአዲሱም፤ ጉልበቱን እያመመውም ለቀብር አይቀርም። አብረውት ይሸከሙ ከነበሩት ብዙዎቹ አሁን የሉም። እሱንስ ነገ ማን ነው የሚያነሳው? ይኼን ሳስብ ነው ከጠዋት የከበደኝ ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ መሰለኝ።

ወንድሜ የሱቁን ታፔላ ሊያድስ ቀለም ገዝቷል። ጽሕፈቴ ስለሚያምር እኔ ነኝ የምጽፈው። «ተሸካሚ እናዘጋጃለን» የምትለዋን ከታች በኩል ጨምሪልኝ ብሎኛል። አባዬ ሰምቷል፣ ምንም አላለም። እናንተ ብትሆኑ ትጽፉታላችሁ?